የንግሥቲቱ ብር በድሬዳዋ እሳት

የጋለ መርፌ ጫፍ አምበር ላይ ሲያርፍ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ቀጭን ጢስ ትነሣለች። ጨሌው እውነተኛ አምበር ከሆነ የምትሸተው የዛፍ ሙጫ ነው፤ ማታ ማታ በየቤቱ ዕጣን በሚጨስባት ድሬዳዋ ይህ ለአፍንጫ እንግዳ አይደለም። ካለፈው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ከአውሮፓ ፋብሪካዎች ወደ አፍሪካ ገበያ የጎረፈው ባክላይት ከሆነ ግን ጢሷ የክሊኒክ መድኃኒት ትሸታለች፤ ሻጭና ገዢ ይተያያሉ፣ ዋጋውም እዚያው ይወርዳል። እነዚህ ደንዳና ቢጫ ጨሌዎች በሐረሪ፣ በኦሮሞ፣ በአርጎባና በሶማሌ ሴቶች አንገት ላይ ሲደረደሩ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን አልነበሩም። በየመሀላቸው የብር እንክብል፣ ክታብ የሚያዝበት የብር ሙዳይ፣ ከታች ደግሞ በእርምጃ ቁጥር የሚንሿሿ ትንንሽ የብር ቃጭል ይገባ ነበር። ስለዚህ የአምበሩ ሽታ ብሩን ይዞ ይመጣል። ብሩ ደግሞ በተራው ከሰሉን፣ ወናፉን፣ እሳት ሲነካው እንደ ፈንዲሻ የሚያብጠውን ቦራክስ፣ መስፉ ላይ የሚያርፈውን የመዶሻ ድምፅ ያመጣል።

ዛሬም የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ቅስቶቹን ይዞ ቆሟል። በርበሬው፣ ቲማቲሙ፣ የሽቲው ቀለም፣ ከአወዳይ የሚወርደው ጫት፣ የባጃጁ ጡሩምባ ሁሉም አለ። የብር ጌጥ ግን አስበው ካልፈለጉት አይገጥምም፤ ቢገኝም ወይ ለቱሪስት የተቀመጠ አሮጌ አምባር ነው፣ ወይ ብር መሳይ ነጭ ብረት። ይህ ለምን ሆነ ሲባል የሚሰጠው ምላሽ አጭር ነው፤ ዘመኑ ተለወጠ፣ ወጣቱ ጠላው ይባላል። ትዝታ ይህን ምላሽ ይወደዋል፤ ያለፈውን ሁሉ ማስዋብ ይቀናዋልና። እኔ ግን ነገሩ ሌላ ይመስለኛል። ድሬዳዋና ሐረር የብር ጌጣቸውን ያጡት ውበቱ ስለሰለቻቸው አይደለም፤ ብር ራሱ ገንዘብ መሆኑን ስላቆመ ነው። ጌጡ ቆሞ የነበረው በውበቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በመገበያያነቱም ላይ ነበር፤ ይኛው ሲነሣ ያኛው ብቻውን መሸከም አልቻለም። ዛሬ «የድሮ ብር» እያልን የምንናፍቀው ነገር ከግማሽ በላይ አንዲት ሴት አንገቷና ክንዷ ላይ ይዛው የምትዞረው፣ ባሏም ሆነ ነጋዴው ሊያታልላት የማይችልበት ቁጠባ ነው።

ማስረጃውን ከሳንቲሙ እንጀምር። የማሪያ ትሬዛ ብር ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 28 ግራም ነው፤ ከዚህ ውስጥ 83 በመቶው ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ሳንቲሙ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ በቪየናም ሆነ በሌላ ከተማ የተቀረጸው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ይወጣል፤ ሰዉ የለመደው እሱን ስለሆነ ዓመቱን መቀየር ገበያን ማጣት ነበር። ያገራችን ነጋዴም ሳንቲሙን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። አውራ ጣቱን ንግሥቲቱ ራስ ላይ እያሳለፈ የዘውዷን ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ ዘጠኙ ተለይተው ካልታዩት ይመልሰዋል። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል፤ ከደረቷ ሥር ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት መጥፋት አለመጥፋታቸውን ይመረምራል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ፊደል የሚመረምርበት ገበያ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር ሲያወጡ እንኳ በክብደትም በንጽሕናም ከንግሥቲቱ የማያንስ አስቀርጸው ሳለ፣ ገበያው እሷን ትቶ ወደ እሳቸው አልዞረም።

ድሬዳዋ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር፤ ተራራውም ወጪውም ስለከበደ ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ ለብዙ ዓመታት የመስመሩ መጨረሻ፣ የዕቃውም መራገፊያ ድሬዳዋ ነበረች። ከባሕር ጨርቅ፣ ጨሌና በሣጥን የታሸገ ብር ይመጣል፤ ከደጋ ቡናና ቆዳ ይወርዳል። አንድ ሺህ ማሪያ ትሬዛ 28 ኪሎ እንደሚመዝን ስናስብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በበቅሎና በግመል ዘመን ገንዘብ ማጓጓዝ ራሱ ገንዘብ ይበላል፤ ፉርጎው ያንን ሸክም አቀለለው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ዓረቡ ነጋዴ ጣቢያውን ተከትሎ ሰፈረ። የአቢሲኒያ ባንክም ቅርንጫፍ ከፈተ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ የከዚራ ሰፈር መንገዱን በመስመር ዘርግታ ዛፍ ተከለች፤ ከወንዙ ማዶ የመጋላ ሰፈር በገበያዋ ዙሪያ እንደልቧ በቀለች። የአንጥረኛው ከሰል የሚቀጣጠለው በዚህኛው ማዶ ነበር። ሐረር የቆየውን ጥበብ ነበራት፤ ድሬዳዋ ደግሞ የሚቀልጠውን ብር አቀረበች።

አንጥረኛው ብር ከነጋዴ ገዝቶ የሠራውን ጌጥ መስተዋት ውስጥ ደርድሮ አይጠብቅም ነበር። ዋናው ልማድ ደንበኛዋ የራሷን ሳንቲም ይዛ መምጣቷ ነው። ሳንቲሙ ይቆጠራል፣ ማቅለጫው ውስጥ ይገባል፣ ወናፉ ይነፋል፤ ቦራክሱ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያንሳፍፍ የንግሥቲቱ ፊት መጀመሪያ ያልበዋል፣ ቀጥሎ ይፈርሳል፣ ከዚያ ማቅለጫው ውስጥ የሚንቀጠቀጥ አንድ የሚያበራ ጠብታ ብቻ ይቀራል። ዘንግ ሆኖ ይፈስሳል። ዘንጉ ሲቀጠቀጥ መዳቡ ስላለበት ቶሎ ይደነድናል፣ ካልተጠነቀቁለትም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በየመሀሉ እሳት እያሳዩ ማለስለስ ያሻል። እሳቱ ደግሞ መዳቡን ወደ ላይ አውጥቶ ጌጡን ያጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ በአሲድ ታጥቦ እስኪለቅ አዲሱ አምባር ከቃጠሎ የተረፈ ይመስላል። ለጥልፍ ሥራ ብሩ ቀዳዳው እየጠበበ በሚሄድ ብረት ውስጥ ተስቦ ሽቦ ይሆናል፤ ሽቦው ይጠመዘዛል፣ ጥምዝምዙ ሳሕን ላይ ይበየዳል፣ በየመጋጠሚያው ከሰል ላይ በራሷ ክብ የሆነች የብር ፍሬ ትቀመጣለች። ሥራው ሲያልቅ ጌጡ ይመዘናል። ሴትዮዋ የሰጠችውን ታውቃለች፣ የተቀበለችውን ታያለች፤ የእጅ ዋጋው ከዚያ ለብቻው ነው። የክርክሬን ጉልህ ምስክር የማገኘው ግን ምንም ጥበብ ባልነካው ጌጥ ላይ ነው። እስካሁን በየቤቱ፣ በየሙዚየሙ፣ በየአሮጌ ዕቃ ሻጩ ዘንድ የሚገኝ ጌጥ ነው፤ ከጫፉ ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት ከመበየዱ በቀር ማንም ያልነካው ሙሉ ማሪያ ትሬዛ። ይህን በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት የአንጥረኛ ጥበብ አላስፈለጋትም፤ ያንጠለጠለችው ገንዘቧን ነው። ቀለበቱን በሞረድ ቢያነሡት ተመልሶ ገበያ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ተቃውሞ አለ። ጌጡ ቁጠባ ከነበረ ለምን ውስጡ ባዶ ይሠራል? የክታቡ ሙዳይ ከስስ ቆርቆሮ የተጠቀለለ ነው፤ እንክብሉ ከሁለት ግማሽ የተበየደ ኦና ነው፤ ቃጭሉ እፍኝ ሙሉ ቢሆንም ክብደቱ ጥቂት ነው። ቁጠባ ያሰበ ሰው ጠጣር ዘንግ ያሠራል እንጂ አየር አያስጠቀልልም። ተቃውሞው እውነት አለው፤ መልሴም ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ አካል ላይ ሥራ ተከፋፍለው ነበር የሚል ነው። ክንድና ቁርጭምጭሚት ላይ ያለው አምባርና አልቦ ከባድና ጠጣር ነው፤ የሚሸጠው፣ የሚወረሰው እሱ ነው። ደረት ላይ ያለው ሰፊና ቀላል ነው፤ የሚታየው፣ የሚሰማው፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቃል የሚባለውም እሱ ነው። የአንጥረኛው ጥበብ የበረታው በዚህኛው ላይ መሆኑን አልክድም። ይሁንና ያ ጥበብ የሚመገበው ከከባዱ ሥራ በሚመጣ ደንበኛ ነበር። ለአልቦው ብላ ሳንቲም ቋጥራ የመጣች ሴት ከትርፉ ሙዳይ ታሠራለች፤ ለሙዳይ ብቻ የምትመጣ ጥቂት ናት።

ከዚያ ገንዘቡ ራሱ ተናወጠ። ጣልያን ወረራውን ስታሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 የንግሥቲቱን መቅረጫ ከቪየና ወስዳ ሮም ላይ ማሪያ ትሬዛ ማስቀረጽ ጀመረች፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ወረቀት ይዞ መግባት እንደማያዋጣ ገብቷታል ማለት ነው። አገሩን ከያዘች በኋላ ሊሬዋን ልትተካ ብትሞክርም ሰዉ ብሩን መሬት ቀበረ። እንግሊዞችም በጦርነቱ ጊዜ ቦምቤ ላይ ያችኑ ንግሥት ቀረጹ። ከነጻነት በኋላ ግን በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በአዋጅ ወጣ፤ ወረቀቱ በየገበያው ቦታ እየያዘ ሲሄድ ማሪያ ትሬዛ ሕጋዊ መገበያያነቷን አጣች። «ታዲያ ያን ጊዜ ጌጡ መብዛት አልነበረበትም ወይ? ሳንቲሙ ሥራ ፈታ፣ አንጥረኛው ያቅልጠው» ሊባል ይችላል። በእርግጥም ቀለጠ። ዛሬ አሮጌ የምንላቸው ብዙ ጌጦችና የአንገት መስቀሎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። የቀለጠው ግን ክምችቱ ነው። በየዓመቱ ከባሕር የሚመጣው አዲስ ሣጥን ሲቀር አንጥረኛው አሮጌ ጌጥ አፍርሶ አዲስ ወደ መሥራት ወረደ፤ በእያንዳንዱ ማቅለጥ ደግሞ ጥቂት ይጎድላል፣ ጥቂት መዳብ ይጨመራል። ቀድሞ የንግሥቲቱ ዘጠኝ ዕንቁ ይመሰክርለት የነበረው ንጽሕና ምስክር አጣ። ገዢዋ የያዘችው ብር መሆኑን እንጂ ምን ያህሉ ብር እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ወጣቱ ጠላው የሚሉት ሰዎች አንድ ነገር ይስቱታል፤ ሴቶች ሀብታቸውን በጌጥ መያዝ አልተዉም። በመጋላ ወርቅ ቤት ፊት ጥቂት ቆሞ መመልከት በቂ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቅርጹ ሳይሆን ስለ ካራቱ ነው፤ ቀጥሎ ግራሙ፣ ቅርጹ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሙሽራዋ የምትሸለመው፣ እናት ለክፉ ቀን የምትደብቀው፣ ንግድ ለመጀመር የሚሸጠው ወርቅ ነው። ማለትም የአያቶቹ ልማድ ሳይጎድል ቀጥሏል፤ የተቀየረው ማዕድኑ ብቻ ነው። ጥላቻ ቢሆን ኖሮ ልማዱም አብሮ በሄደ ነበር። በሌላ በኩል ችግር ብሩን አሟጠጠው የሚሉም አሉ፤ በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ አፋፍ ላይ ሲደርስ፣ ከዚያም በረሃቡ ዘመን ሰዉ ያለውን ሸጦ በላ ይላሉ። ይህንን አልቃወምም፤ ጌጡ የተሠራው በከፊል ለእንዲህ ያለ ቀን ነበርና። ጥያቄው ቀኑ ካለፈ በኋላ ለምን ተመልሶ አልተገዛም የሚለው ነው። ወርቁ ተመልሶ ተገዝቷል። የብር ጌጥ ግን አንዴ በርካሽ ወደ ሰብሳቢና ወደ ውጭ አገር ሙዚየም ከሄደ በኋላ መልሶ የሚገዛው አላገኘም። አንጥረኛን በማኅበረሰቡ ዘንድ ዝቅ አድርጎ የማየቱ ነውርም ድርሻ አለው፤ ሆኖም ያ ነውር ብሩ በበዛበት ዘመንም ነበር፣ እሳቱን ግን አላጠፋውም።

ይህንን ስሜት አልባ ሒሳብ የሚያጠናክርልኝ ከሩቅ የመጣ ምስክር ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃ የሚኖሩት ናቫሆዎች ብር መቀጥቀጥ የተማሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሜክሲኮ አንጥረኞች ነው፤ ያቀልጡ የነበረውም እንደኛው ሳንቲም ነው፣ የአሜሪካ ዶላርና የሜክሲኮ ፔሶ። አምባሩና መታጠቂያው ሲቸግር ንግድ ቤት በመያዣነት ይቀመጥ፣ በደህና ቀን ይወጣ ነበር። እዚያም ባቡር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1899 የፍሬድ ሃርቪ ኩባንያ በሐዲዱ ዳር ለሚወርደው መንገደኛ ቀለል ያለ የብር ጌጥ ማሠራት ጀመረ፤ ሥራው አዲስ ደንበኛ አገኘ። ቦሎ ታይ የሚባለው የወንዶች የአንገት ጌጥ ጠንቶ የወጣውም ከዚሁ ምድር ነው። የተጎነጎነ የቆዳ ገመድ በአንገት ይዞርና ሁለቱ ጫፎች ደረት ላይ ይወርዳሉ፤ ድንጋይ ያለበት የብር ሳሕን ከጀርባው ባለው መያዣ ገመዱን ሰብስቦ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። አሪዞና እ.ኤ.አ. በ1971 የግዛቷ ይፋዊ የአንገት ልብስ አድርጋዋለች። በሙቀት ሸሚዙን እስከ ጉሮሮ መቆለፍ ላልፈለገ ሰው ከከረባት የሚሻል ነው፤ እኩለ ቀን ላይ በድሬዳዋ ለገሃር አካባቢ ከረባት አስሮ የሚሄድን ሰው ያየ የድሬ ልጅ ጥቅሙን ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም።

ታዲያ ቦሎ ታይን ድሬዳዋ ውስጥ ለመሥራት የሞከረ ሰው ምን ይገጥመዋል? ሳሕኑ፣ ከጀርባ የሚበየደው መያዣ፣ የገመዱን ጫፍ የሚያለብሱት ሁለት የብር ሾጣጣዎች፣ ዙሪያውን የሚሄደው ጥምዝ ሽቦ፣ ሁሉም የሐረርና የድሬ አንጥረኛ እጅ የሚያውቀው ሥራ ነው። አዲሱ ድንጋዩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ከወሎ፣ ከደላንታ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል ስሙ በዓለም ገበያ ታውቋል። ውስጡ አረንጓዴና ቀይ እሳት ይጫወታል፤ እውነተኛ እሳት ግን አይችልም። ሙቀት ሲነካው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብየዳው፣ የአሲዱ እጥበት፣ መወልወሉ ሁሉ ካለቀ በኋላ ድንጋዩ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ የሚያቅፈው ስስ የብር ከፈፍ በትንሽ መግፊያ ከአራት አቅጣጫ እየተገፋ ይታጠፍበታል፣ አንዱን ወገን ቀድሞ የጨረሰ ሰው ድንጋዩን አጣሞ ያስቀምጠዋል። የደላንታ ኦፓል ደግሞ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ቢገባ ሰክኖ መስተዋት ይመስላል፣ ጨዋታው ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ዘይትና ቀለም ከጠጣ ግን መመለሱ አጠራጣሪ ነው፤ ስለዚህ የአንጥረኛው ጣት ንጹሕ መሆን አለበት። አንድ የድሬዳዋ ጣጣም አለ። በአየር ላይ የሚበረው አቧራ ከኳርትዝ አሸዋ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ኳርትዝ ከኦፓል ይጠነክራል፣ ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ የሚወለወል ድንጋይ በጥቂት ዓመት ይደበዝዛል። ሳሕኑን ጎድጎድ አድርጎ ድንጋዩን ከከፈፉ ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

«ይህማ የኛ አይደለም፣ የካውቦይ ነው» የሚለው ቃል እንደማይቀር አውቃለሁ። የኛ የምንለው ጌጥ የኦስትሪያ ንግሥት፣ የአውሮፓ ፋብሪካ ሙጫ፣ ዓረብና ሕንድ ነጋዴ፣ የፈረንሳይ ሐዲድ ተባብረው ያቀረቡት መሆኑን ስናስታውስ ይህ ተቃውሞ ብዙ አይራመድም። ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ብርም ለአገሩ አንገት አዲስ አይደለም፤ ክርስቲያኑ ማተቡን፣ ሙስሊሙ ክታቡን ይዞ ኖሯል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ቅርጹ ቢያምርም ማን ምን አምኖ ይገዛዋል? ውበትን ብቻ ይዞ የተመለሰ ጌጥ የቱሪስት መጫወቻ ሆኖ ይቀራል፤ የጎደለው ከመጀመሪያም እምነቱ ነበርና። ናቫሆዎቹ ዘንድም የፋብሪካ ማስመሰያ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ ቦርድ አቋቁሞ፣ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ በእጅ ለተሠራ እውነተኛ ብር ማኅተም ማስመታት ጀመረ። መሥፈርቱ ጥብቅ ስለነበር ማኅተሙን ያገኙት ብዙ አልነበሩም፤ ቢሆንም ንጽሕናን የሚመሰክር ሦስተኛ ወገን መኖር እንዳለበት ተረድተው ነበር። የመጋላ ወርቅ ቤቶች ይህን ያውቁታል። ካራቱና ግራሙ ደረሰኝ ላይ ይጻፋል፣ ደንበኛዋ በቸገራት ቀን ይዛው ትመለሳለች። ለብር ሥራም ከሳሕኑ ጀርባ 925 የሚል ማኅተም፣ ደረሰኙ ላይ የብሩ ክብደት ከድንጋዩና ከገመዱ ተለይቶ፣ የሸጠው ቤትም በዕለቱ ዋጋ መልሶ እንደሚገዛ የሚል ቃል ቢኖር፣ ገዢው ከአሪዞና መምጣት አያስፈልገውም።